«አታብራራ» ያሉት ባልና ሚስት

በ1933 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አንድ ትልቅ የውሃ ሥራ አጸደቀ። የሰሜኑን ወንዞች ገድቦ ውሃውን በቦይ ወደ ደረቀው ሸለቆ የሚያወርድ፣ ከግድቡም ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ «ሴንትራል ቫሊ ፕሮጀክት» የተባለ ሥራ ነው። ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው ግዙፍ የመብራት ኩባንያ መንግሥት መብራት ሻጭ ሆኖ እንዲመጣበት ስላልፈለገ፣ ሕጉ በሕዝበ ውሳኔ እንዲሻር ተነሣ። የሕጉ ደጋፊዎች ደግሞ የሚሟገትላቸው ፈልገው ሁለት ሰዎች ቀጠሩ። አንዱ የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ የሆነው፣ በሳክራሜንቶ የዜና ወኪል ሆኖ የኖረው የ34 ዓመቱ ጋዜጠኛ ክሌም ዊታከር ነው። ሌላዋ ባሏ የሞተባት፣ ሬዲንግ በምትባል ትንሽ ከተማ የንግድ ምክር ቤቱን ታስተዳድር የነበረችው ወጣት ሊዮን ባክስተር ናት።

የተሰጣቸው በጀት 39 ሺህ ዶላር ነበር። ከኩባንያው አቅም ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። እነሱ ግን በየገጠሩ ያሉትን ትንንሽ ጋዜጦችና ሬዲዮን ይዘው ገቡበት። ዲሴምበር 19 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ በ33 ሺህ ገደማ ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የተሸነፈው ኩባንያ ቂም አልያዘም፤ ያሸነፉትን ሁለት ሰዎች ራሱ በዓመት ክፍያ ቀጠራቸው። ሁለቱ በዚያው ዓመት «ካምፔይንስ ኢንክ» ብለው ድርጅት ከፈቱ፤ በ1938 ደግሞ ተጋቡ። የምርጫ ዘመቻን ከጫፍ እስከ ጫፍ በገንዘብ ተዋውሎ የሚመራ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ድርጅት በዓለም ላይ ሲከፈት የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ዛሬ የፖለቲካ አማካሪ የምንለው ሙያ እዚህ ተወለደ።

እኔ በዚሁ ሳክራሜንቶ በማተሚያ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁም ሙያዬ ይኸው ነበር። እዚህ የምርጫ ዓመት መስከረም ከጠባ ጀምሮ ማሽኑ ሌትም ቀንም አይቆምም። ጠዋት ለሕዝብ ድምፅ የቀረበን አንድ ሕግ «እሺ በሉ» የሚለውን ወረቀት አትመን፣ ፕሌቱን ቀይረን፣ ከሰዓት «እምቢ በሉ» የሚለውን እናትማለን። ቀለሙ እስኪደርቅ አንድ ቅጠል አንሥቶ ማንበብ የድሮ ልማዴ ነው። ካነበብኩት ሁሉ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር የሁለቱም ወገን ወረቀት አንድ መልክ ያለው መሆኑን ነው። የሚያሳዝን ወይም የሚያስቆጣ አንድ ፊት፣ በትልቁ የተጻፈ አንድ የሚያስፈራ ቃል፣ ከሥሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች። ሕጉ ራሱ ምን እንደሚል የሚነግር ዓረፍተ ነገር ፈልጌ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። አገር ቤት የፓርቲ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ራሱ የፓርቲው አባል ነው፤ እርማቱንም ራሱ ያነባል፣ በፊደል ግድፈት ራሱ ይጣላል። እዚህ ግን ይዞት የሚመጣው ተከፍሎት የሚሠራ ባለሙያ ነው። እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ከዊታከርና ከባክስተር በፊት ዘመቻ መሪ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1896 የኦሃዮው ባለሀብት ማርክ ሃና ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደረው ለዊልያም ማኪንሌይ 3 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ሰብስቦ አሜሪካን በወረቀት አጥለቅልቋት ነበር። ሃና ግን የማኪንሌይ ወዳጅ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲም ሰው ነው፤ የለፋው ለደመወዝ አልነበረም። በየከተማው የነበሩት የፓርቲ አለቆችም የሚከፈላቸው በሹመትና በውለታ ነው። ዊታከርና ባክስተር ያመጡት አዲስ ነገር ከፓርቲው ውጭ ሆኖ፣ ቢሮ ከፍቶ፣ ዋጋ ተምኖ፣ አንዱ ዘመቻ ሲያልቅ ሌላ ደንበኛ መቀበልን ነው። የዘመቻው ገንዘብም በእጃቸው እንዲሆን፣ እነሱ ሳያዩት አንዲት ሳንቲም እንዳትወጣ ይዋዋሉ ነበር።

ለምን ካሊፎርኒያ? ግዛቲቱን ለዓመታት እንደ ግል ርስቱ ያዛት የነበረው ሳውዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ነው። በ1911 አገረ ገዥው ሃይረም ጆንሰን የኩባንያውን እጅ ለመቁረጥ ብሎ ሕዝቡ ራሱ ሕግ እንዲያመነጭ፣ የወጣ ሕግ እንዲሽር፣ የመረጠውንም ሹም ከወንበሩ እንዲያወርድ የሚፈቅድ ማሻሻያ አስጸደቀ። ጆንሰን ቅን ሰው ይመስለኛል፤ ማሻሻያውም ቅን ነበር። ነገር ግን ፓርቲዎቹ በዚህም በሌላም ሕግ ስለተዳከሙ፣ በየምርጫው የሚቀርበውን የሕግ ክምር ለመራጩ የሚያስረዳ አካል ጠፋ። ፊርማ የሚያስፈርም፣ ጋዜጣ የሚያናግር፣ ወረቀት የሚያሳትም ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ መጀመሪያ ቀጠረ። ኩባንያዎችን ለመገደብ የተሠራ ሕግ ኩባንያዎች የሚገበያዩበት ሆነ። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

በ1934 አፕተን ሲንክሌር ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ተወዳደረ። ሲንክሌር በ1906 በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ያለውን ጉድ በልብ ወለድ አጋልጦ፣ በዚያው ዓመት የምግብና የመድኃኒት ሕግ እንዲወጣ ምክንያት የሆነ ደራሲ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሰው ሥራ አጥቶ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ የተዘጉ ፋብሪካዎችንና ጦም ያደሩ እርሻዎችን ለሥራ አጦች ከፍቼ የካሊፎርኒያን ድህነት አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ችግረኛ በወር 50 ዶላር ጡረታም አስቦ ነበር። በኦገስት የዴሞክራቶችን የውስጥ ምርጫ በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። ባለሀብቱ ደነገጠ። ዊታከርና ባክስተርም ሲንክሌርን ለመጣል ተቀጠሩ።

ያደረጉት እንዲህ ነው። የሲንክሌርን መጻሕፍት ሰብስበው፣ በራቸውን ዘግተው፣ ለሦስት ቀን አነበቡ። ሰውየው ከ40 በላይ መጻሕፍት የጻፈ ስለሆነ የሚፈልጉትን አላጡም። በ1911 ካሳተመው ልብ ወለድ አንድ ገጸ ባሕርይ ስለ ትዳር ክብር የሚናገረውን መራራ ቃል መዝዘው፣ ሲንክሌር ራሱ በቅዱስ ጋብቻ እንደማያምን አድርገው አቀረቡት። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ አገር ፍቅርም ከዚህም ከዚያም እየቆረጡ አወጡ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ከምርጫው በፊት ለስድስት ሳምንታት በየቀኑ በፊት ገጹ ላይ እንዲህ ያለ ጥቅስ በሳጥን ከብቦ ያትም ነበር። ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ሁሉ ገጸ ባሕርያቱ በሚናገሩት ይከሰስ ቢባል ማን ይተርፋል? በሙያዬ የደራሲያንን ገጽ ሳቀናብር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያበሳጨኛል። የጥቅስ ምልክት ማለት «ቃሉ የእገሌ ነው» ብሎ ለአንባቢ መማል ነው።

በዚያው ሰሞን ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ ተዋንያንን እንደ ተራ መራጭ እያናገረ የሠራቸው ሐሰተኛ የዜና ፊልሞች በየሲኒማ ቤቱ ታዩ። ይህን ዊታከርና ባክስተር አልሠሩትም፤ ዘመቻው ግን አንድ ላይ ሠራ። በኖቬምበር ተቀናቃኙ ፍራንክ ሜሪያም 1,138,620 ድምፅ አግኝቶ ሲያሸንፍ፣ ሲንክሌር 879,537 አገኘ። ባክስተር ከብዙ ዓመታት በኋላ ስትጠየቅ፣ ሲንክሌርን ያሸነፈው የገዛ መጽሐፉ ነው የሚል መልስ ሰጥታለች። ሰውየውን እንደማይጠሉትም፣ የዊታከር ቤተሰብ የቆየ ወዳጅ እንደነበረም ተናግራለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥርዓት ያዘ። «ካሊፎርኒያ ፊቸር ሰርቪስ» የሚል ሌላ ክፍል ከፍተው ዜና፣ ካርቱንና ርዕሰ አንቀጽ ለህትመት አዘጋጅተው በየሳምንቱ ለ300 ገደማ ጋዜጦች በነፃ ይልኩ ጀመር። ሁለት ሰው ሆኖ ጋዜጣ የሚያወጣ የትንሽ ከተማ አዘጋጅ ገጹን የሚሞላለት ነገር ሲመጣለት ምን ያድርግ? እንዳለ ያትመዋል፤ አንባቢውም የሰፈሩ ሰው የጻፈው ይመስለዋል። ማስታወቂያም የሚያወጡት በእነዚሁ ጋዜጦች ነበር፤ ስለዚህ አዘጋጁ አይጣላቸውም። ሁለቱ ያበጁት የሥራ ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራል። ነገሩን ሰው አድርገው፤ ሰው ለሕግ ግድ የለውም። አቅልለው። ደጋግመው። አጥቃ እንጂ አትከላከል። ከሁሉም በላይ አታብራራ፤ ማብራራት ከጀመርክ ተሸንፈሃል። ዊታከር በአንድ ንግግሩ ተራውን አሜሪካዊ የሚስቡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፣ ጠብና ትዕይንት፣ ብሏል። ከ1933 እስከ 1955 ከያዟቸው 75 ዘመቻዎች 70ውን እንዳሸነፉ ይነገርላቸዋል።

ወደ ጤናው ጉዳይ ልምጣ፤ እኔ ይህን ታሪክ የምጽፈው በዋናነት ስለሱ ነው። በ1942 ኧርል ዋረን ለአገረ ገዥነት ሲወዳደር ቀጥሯቸው፣ ከምርጫው በፊት ተለያይተው ነበር። ዋረን አገረ ገዥ ከሆነ በኋላ በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገባ። ተኝቶ ሳለ፣ ይህ ነገር በእኔ ፋንታ ቁጠባ በሌለው ሠራተኛ ላይ ቢደርስ ምን ይሆን ነበር ብሎ አሰበ። በ1945 ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ ሁሉም የሚታከምበት የጤና መድን ሕግ አቀረበ። የካሊፎርኒያ ሐኪሞች ማኅበር ዊታከርንና ባክስተርን በዓመት 25 ሺህ ዶላር ቀጠረ። እነሱም ዕቅዱን «የፖለቲካ ሕክምና» ብለው ሰየሙት፤ ሐሳቡንም ከጀርመን ጋር አያያዙት፤ አሜሪካ ከጀርመን ጋር ስትዋጋ በከረመችበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ሐኪሞች የተዘጋጀ ንግግር ይዘው በየከተማው ወጡ። በባዶ እጅ መቃወም እንደማያዋጣ ስለሚያውቁም፣ ሰው በፈቃዱ የግል መድን እንዲገዛ የሚቀሰቅስ ሳምንት አዘጋጅተው ከካሊፎርኒያ 58 አውራጃዎች በ53ቱ እንዲከበር አደረጉ። የዋረን ሕግ በአንድ ድምፅ ወደቀ።

በ1948 ሃሪ ትሩማን ለመላው አገሪቱ የጤና መድን እሰጣለሁ ብሎ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከእያንዳንዱ አባል 25 ዶላር መዋጮ ጠየቀና እነዚህኑ ሁለት ሰዎች በዓመት 100 ሺህ ዶላር ቀጠረ። ቺካጎ ቢሮ ከፈቱ። በ1949 ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ወረቀት አሠራጩ። የማተሚያ ቤት ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ በዚያ ዘመን ማሽን 50 ሚሊዮን ቅጠል ማለት ስንት ሠራተኛ፣ ስንት ሌሊት፣ ስንት በርሜል ቀለም እንደሆነ ይታየዋል።

ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱን በደንብ አይቼዋለሁ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሉክ ፋይልድስ በ1891 የሳለው «ሐኪሙ» የተባለ ሥዕል ነው። በድሃ ጎጆ ውስጥ አንድ የታመመ ሕፃን ሁለት ወንበር ተጋጥሞለት፣ ትራስ ተነጥፎለት ተኝቷል። አንዲት እጁ ከወንበሩ ወጥታ ተንጠልጥላለች። ጢሙን ያሳደገው ሐኪም አገጩን በእጁ ደግፎ ሕፃኑን ትኩር ብሎ ያየዋል። ከኋላ እናትየው ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች፤ አባትየው እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቆሟል። በመስኮቱ ጎህ እየቀደደ ነው። ፋይልድስ የራሱን የበኩር ልጅ በ1877 በገና ዕለት በሞት አጥቷል፤ ሥዕሉን የሳለው ያኔ የመጣውን ሐኪም እያስታወሰ ነው ይባላል። ዊታከርና ባክስተር ይህን ሥዕል አሳትመው፣ ፖለቲካ እዚህ ሥዕል ውስጥ አይግባ የሚል ቃል ጽፈውበት፣ በየሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል እንዲሰቀል አደረጉ። ሥራው እንደ ሥራ ድንቅ ነው። ግን ሥዕሉን ደግመን እንየው። ቤቱ የድሃ ቤት ነው፤ ሕፃኑ የተኛው አልጋ ላይ አይደለም። የትሩማን ሕግ የታሰበው ለእነዚህ እናትና አባት ነበር። የእነሱን ሐዘን ወስደው እነሱኑ መምቻ አደረጉት። ሕመምተኛ ተራውን እየጠበቀ፣ ስለ ክፍያው እየተጨነቀ፣ ቀና ብሎ የሚያየው ይህን ነበር።

የትሩማን ዕቅድ ሳይሳካ ቀረ። የአሜሪካ ሠራተኛ የጤና መድን ከአሠሪው ጋር ተጣብቆ የቀረበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የጦርነቱ ዘመን የደመወዝ ሕግም አለበት። ይህ ዘመቻ ግን ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑን አልጠራጠርም። ከሐበሻ ማኅበረሰባችን ውስጥ ሥራ ሲያጡ መድናቸውም አብሮ የሄደባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ሐኪም ቤት ላለመሄድ የደም ግፊታቸውን በነጭ ሽንኩርት ሲያስታምሙ የከረሙ አባቶችም አውቃለሁ።

ስልቱ ከባለቤቶቹ አልፎ ኖረ። በ1961 የሐኪሞቹ ማኅበር ሮናልድ ሬገን የተባለውን የፊልም ተዋናይ ድምፅ በሸክላ አስቀርጾ ለሐኪሞች ሚስቶች አደለ። ሴቶቹ ጎረቤቶቻቸውን ቡና ይጠራሉ፤ ሸክላው ይከፈታል፤ ለአረጋውያን የታሰበው የመንግሥት ሕክምና ሶሻሊዝም ነው ይላል፤ ሲያልቅ ለምክር ቤት አባል ደብዳቤ ይጻፋል። ቡና ላይ የሚወራ ወሬ ከጋዜጣ ይልቅ እንደሚታመን ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ይህኛው ግን አልተሳካላቸውም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬር የተባለውን ይህንኑ የአረጋውያን ሕክምና ሕግ በጁላይ 30፣ 1965 ሚዙሪ ድረስ ሄዶ አርጅቶ ከተቀመጠው ትሩማን አጠገብ ፈረመው፤ የመጀመሪያውም ካርድ ለትሩማን ተሰጠ። በዓመቱ ሬገን ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ሲወዳደር ዘመቻውን የመራለት ስፔንሰር ሮበርትስ የተባለ የአማካሪዎች ድርጅት ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ማሳቹሴትስ የተወለደው ጆሴፍ ናፖሊታን በ1968 ከፈረንሳዊው ሚሼል ቦንግራን ጋር ሆኖ ዓለም አቀፍ የፖለቲካ አማካሪዎች ማኅበር መሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካኖቹ ማኅበር ተከተለ። ናፖሊታን በ1969 ለፊሊፒንሱ ፈርዲናንድ ማርኮስ ሠርቷል። በ1996 አሜሪካውያን አማካሪዎች ሞስኮ ሆቴል ተቀምጠው ቦሪስ የልሲን እንዲመረጥ አገዙ። በ2018 ደግሞ ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው የአማካሪዎች ድርጅት ሰዎች በጎረቤታችን በኬንያ ምርጫ ያደረጉትን ሲያወሩ በድብቅ ካሜራ የተቀረጹበት ፊልም ወጣ።

እዚሁ ካሊፎርኒያ በ2020 ፕሮፖዚሽን 22 የተባለ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎችን የሚነዱ ሰዎች ሠራተኛ ናቸው ወይስ ራሳቸውን የቀጠሩ? ከወገኖቻችን መካከል በዚህ ሥራ ልጅ የሚያሳድገው ብዙ ነው። ኡበር፣ ሊፍት፣ ዶርዳሽና መሰሎቻቸው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡበትና ራሳቸውን የቀጠሩ ናቸው የሚለው ሕግ አለፈ። ሕጉ ውስጥ ምክር ቤቱ ወደፊት ሊያሻሽለው ቢፈልግ ከስምንት ሰባት እጅ ድምፅ ያስፈልገዋል የሚል አንቀጽ ነበረ፤ በእጄ ባለፉት ወረቀቶች ላይ አንድም ቦታ አላየሁትም።

በዚያ ሰሞን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው «ልጄ፣ ይሄ የመንግሥት ነው አይደል? እንዲህ ምረጡ ይላል» አሉኝ። ላዩ ላይ «የመራጮች መመሪያ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። «አይደለም እማማ» አልኳቸው። ከዕጩዎቹና ከሕጎቹ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ኮከብ አሳየኋቸው። የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያሳትም ሰው የተከፈለበትን ስም በኮከብ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ ትርጉሙ ከታች በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ኮከቦቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ የመንግሥቱን መጽሐፍ፣ ሕጉ ከነሙሉ ቃሉ፣ ከደጋፊና ከተቃዋሚው ክርክር ጋር ያለበትን ወፍራሙን፣ ቤታቸው እንዳለ ጠየቅኳቸው። «እሱንማ ማን ያነበዋል» አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ ይዘውት መጡ፤ ከሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች ጋር ሆነን አዳራሹ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ በአማርኛ ተነጋገርንበት። እስኪገባቸው ጠየቁኝ። አንዳንዱን እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዊታከር በ1961 ሞተ። ባክስተር እስከ 2001 ኖረች። የድርጅታቸው መዝገብ እዚሁ ሳክራሜንቶ በግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ባክስተር በአንድ ቃለ ምልልስ ስለ ሙያው ኃይል ስትጠየቅ፣ የሰውን አእምሮ የሚመራ ሥራ ስለሆነ ምግባር ባላቸው ሰዎች እጅ መሆን አለበት፤ ካልሆነ እጅግ አጥፊ ሊሆን ይችላል የሚል መልስ ሰጥታለች። በቅንነት የተናገረችው ይመስለኛል። እኔ ግን አልስማማም። በ1934 የገጸ ባሕርይን ቃል ቆርጠው በደራሲው አፍ ያስገቡት እጆች የእሷና የዊታከር ናቸው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ምግባር ያለን ሰዎች ነን ብለው ያምኑ ነበር። ጥፋቱ የተሠራው ክፉ ሰው ሙያውን ስለያዘው አይደለም፤ ሙያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መራጩ ማብራሪያ አይገባውም ብሎ ስለተነሣ ነው። እማማ ኮከቦቹን ሲቆጥሩና በሚቀጥለው እሁድ ሲጠይቁኝ ላየ ሰው፣ መራጩ ማብራሪያ አይገባውም ማለት እውነት አይደለም።